የትምህርት ቦርድ ምርጫ፦ በሩን ማን ከፈተው? ማንስ ደጅ ቀረ?

በቴሌቪዥን የቀረበ ሐተታ፣ ለድረ ገጽ አንባብያን በጽሑፍ

ዛሬ ስለ አራት ኪሎ አላወራም። ስለ ዋይት ሀውስም አላወራም። የማወራው ትንሽ መስሎ ስለሚታይ፣ ነገር ግን ልጆቻችንን ጠዋት ጠዋት የምናስረክበውን ተቋም ስለሚያዝ አንድ ምርጫ ነው። እሱም የትምህርት ቦርድ ምርጫ ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፤ “በኢትዮጵያ አቆጣጠር” ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት ቦርድ በአንድ አካባቢ

ሎስ አንጀለስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ዌስትቼስተርን ሳያይ የቀረ አይመስለኝም። ከኤል ኤ ኤክስ ኤርፖርት በስተሰሜን ያለው ሠፈር ነው። እንግዳ የሚቀበል፣ ዘመድ የሚሸኝ፣ ኤርፖርት ውስጥ የሚሠራ ሁሉ በዚያ ያልፋል። አገር ቤት ያላችሁ የቦሌ ኤርፖርትን ዙሪያ አስቡት።

የዌስትቼስተር ትምህርት ቤቶች የሎስ አንጀለስ የትምህርት ወረዳ ናቸው። ይህ ወረዳ ከኒው ዮርክ ቀጥሎ በአሜሪካ ትልቁ ነው። 400,000 ገደማ ተማሪዎች፣ በዓመትም ከ18 ቢሊዮን ዶላር በላይ በጀት አለው። ይህን ሁሉ የሚያዙት 7 ሰዎች ናቸው። ዋናውን ሥራ አስኪያጅ ይቀጥራሉ፣ ያሰናብታሉ። በጀት ያጸድቃሉ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚዘጋ፣ የትኛው እንደሚከፈት ይወስናሉ። 7ቱን የሚመርጠው ሕዝብ ነው። ዌስትቼስተር የሚገኘው በ4ኛው የምርጫ ክልል ነው።

አሁን መኪናችሁን አስነሡና ወደ ምሥራቅ ጥቂት ንዱ። ኢንግልዉድ ትገባላችሁ። ከተማው ሌላ፣ የትምህርት ወረዳውም ሌላ ነው። የኢንግልዉድ ወረዳ በ2012 በገንዘብ ቀውስ ምክንያት በካሊፎርኒያ መንግሥት እጅ ገባ። ሕዝብ የመረጠው ቦርድ የመወሰን ሥልጣኑን አጣ፤ ከላይ የተሾመ አስተዳዳሪ ቦታውን ያዘ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የቦርድ አባል ይመረጥ ነበር፣ የተመረጠው ሰው ግን ትእዛዝ አልነበረውም።

ከዌስትቼስተር ወደ ሰሜን ብትነዱ ደግሞ ከልቨር ሲቲ ትደርሳላችሁ። የራሷ ወረዳ፣ የራሷ ቦርድ አላት። በ2022 የከተማዋ ነዋሪዎች የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶች በከተማውና በትምህርት ቦርዱ ምርጫ ድምፅ ይስጡ ወይስ አይስጡ የሚል ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። ሐሳቡ የወደቀው በ16 ድምፅ ልዩነት ብቻ ነው። በአንድ የዕድር ድንኳን ከሚቀመጠው ሰው ያነሰ ቁጥር ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በጥቂት ደቂቃ መንገድ ውስጥ ሦስት ወረዳ፣ ሦስት ዕጣ አየን። ወላጁ ያው ወላጅ ነው፤ ልጁም ያው ልጅ ነው። የተለየው ደንቡ ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ምርጫን የሚወስነው መራጩ ብቻ አይደለም። ማን ይመርጣል፣ መቼ ይመርጣል፣ በየትኛው ቋንቋ ይመርጣል፣ ክልሉ እንዴት ይከፈላል የሚለው ደንብ መራጩ ከቤቱ ሳይወጣ ግማሹን ሥራ ጨርሶታል። ደንቡ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሰው ያወጣዋል፣ ሰው ይለውጠዋል።

ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያው በር

በአሜሪካ ታሪክ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከምርጫ የተገለሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የገቡት በትምህርት ቤት በር ነው።

በ1838 የኬንታኪ ግዛት በገጠር ወረዳዎች ለትምህርት ግብር የሚከፈልበት ንብረት ላላቸው መበለቶችና ላላገቡ ሴቶች በትምህርት ቤት ጉዳይ ድምፅ የመስጠት መብት ሰጠች። ያኔ ሴት ፕሬዚዳንት ትመርጣለች ማለት ቀርቶ ማሰቡም ነውር ነበር። ካንሳስ በ1861 ግዛት ሆና ስትገባ ሴቶች በትምህርት ቤት ምርጫ እንዲሳተፉ ፈቅዳ ነበር። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ1874 ባወጣችው ሕግ ሴቶች ለትምህርት ኃላፊነት ቦታዎች እንዲመረጡ ፈቀደች። ነገሩን አስተውሉት፤ ሴትዮዋ ለቦርዱ ልትመረጥ ትችላለች፣ ለራሷ ግን ድምፅ መስጠት አትችልም! የካሊፎርኒያ ሴቶች ሙሉ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1911 ነው። 37 ዓመት ፈጀ። ቢሆንም የመጀመሪያው ስንጥቅ የተከፈተው በትምህርት ቤት በኩል ነበር። “ልጇ የሚማርባትን እናት አንቺ አያገባሽም ማለት አይቻልም” የሚለው ክርክር ለመርታት ቀላል ስላልነበረ ነው።

በሩ ግን ሁልጊዜ ወደ መከፈት ብቻ አይሄድም፤ ይዘጋልም። በ19ኛው መቶ ዘመን ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ዜግነት ገና ያላገኙ ስደተኞች እንዲመርጡ ይፈቅዱ ነበር። የስደተኛው ቁጥር ሲበዛና ጥላቻው ሲያይል አንድ በአንድ ዘጉት፤ የመጨረሻዋ አርካንሳስ በ1926 ዘጋች። ካሊፎርኒያም በ1894 ሕገ መንግሥቷ ላይ አንድ ማሻሻያ ጨመረች። ሕገ መንግሥቱን በእንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል ሰው አይምረጥ የሚል ነበር። ይህ ደንብ ለ76 ዓመታት ኖረ። በ1970 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካስትሮ በካሊፎርኒያ ግዛት ላይ ባቀረቡት ክስ፣ በስፓኒሽ ማንበብ የሚችልን ዜጋ እንግሊዝኛ አታነብም ብሎ ከምርጫ ማገድ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። የቋንቋውን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ከተማው በሙሉ ወይስ ሠፈሩ?

አሁን ወደ ሎስ አንጀለስ ቦርድ እንግባ። እስከ 1979 ድረስ እያንዳንዱ የቦርድ አባል የሚመረጠው በመላው ወረዳ ሕዝብ ነበር። ለመመረጥ የሚፈልግ ሰው ከሳን ፈርናንዶ ሸለቆ እስከ ወደብ ድረስ ያለውን ሕዝብ መድረስ አለበት። ገንዘብ የሌለው፣ ትልቅ ጋዜጣ የማይደግፈው፣ የአንድ ሠፈር ሰው ብቻ የሚያውቀው ዕጩ ከየት አምጥቶ ያሸንፋል?

ያም ሆኖ ያሸነፉ ነበሩ። በ1939 ወይዘሮ ፌይ አለን የመጀመሪያዋ ጥቁር የቦርድ አባል ሆነው ተመረጡ። በ1943 ወንበሩን ለቀቁ። ከእሳቸው በኋላ ሌላ ጥቁር አባል ለማየት እስከ 1965 መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ያኔ የተመረጡት ቄስ ጀምስ ጆንስ ናቸው። በ1967 ደግሞ የታሪክ መምህሩ ዶክተር ጁሊያን ናቫ ተመረጡ። እኚህ ሰው በኋላ በሜክሲኮ የአሜሪካ አምባሳደር ሆነዋል። ከ7 ወንበር አንዱ የሜክሲኮ ተወላጅ ያዘው ማለት ነው። ይሁን እንጂ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶቹ እንደዚያው ነበሩ፤ ክፍሉ የተጨናነቀ፣ ከትምህርት የሚያቋርጠው ብዙ፣ በስፓኒሽ የተናገረ ልጅ የሚቀጣበት።

በመጋቢት 1968 በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከጋርፊልድ፣ ከሩዝቬልት፣ ከሊንከን፣ ከዊልሰንና ከቤልሞንት ትምህርት ቤቶች ክፍል ጥለው ወጡ። ከጎናቸው የቆመው መምህር ሳል ካስትሮ ታሰረ፣ ከሥራም ታገደ። ወላጆችና ተማሪዎች የቦርዱን አዳራሽ ይዘው ተቀመጡ፤ አንነሣም አሉ። ቦርዱ መምህሩን ወደ ሥራው መለሰ። ድምፅ በወረቀት ሲጠፋ በእግር ይመጣል ማለት ይህ ነው።

በ1970ዎቹ ደግሞ የከተማው ትልቅ ክርክር ነጭና ጥቁር ልጆችን በአውቶቡስ እያመላለሱ አንድ ላይ የማስተማር ጉዳይ ሆነ። ክሱ የተጀመረው በ1963 ነበር፤ አውቶቡሶቹ መንቀሳቀስ የጀመሩት በ1978 መስከረም ነው። ማመላለሱን የሚቃወሙ ወላጆችም ድምፃቸውን ተጠቀሙ። የተቃውሞው መሪ ቦቢ ፊድለር በ1977 የቦርዱን ወንበር ያዙ። በ1979 የቦርዱ ፕሬዚዳንት ሃዋርድ ሚለር ዘመናቸው ሳያልቅ በሕዝብ ድምፅ ተነሡ። በዚያው ዓመት በኅዳር የካሊፎርኒያ መራጮች አስገዳጅ ማመላለስን የሚገታ ማሻሻያ አጸደቁ። በሐሳባቸው ተስማማንም አልተስማማንም፣ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የተደራጀ ወላጅ ቦርድ ያወርዳል፣ ቦርድ ያወጣል።

በዚህ ሁሉ መሀል በ1978 መራጮች አንድ ትልቅ የደንብ ለውጥ አጸደቁ። ወረዳው በ7 የምርጫ ክልል ተከፈለ፤ እያንዳንዱ ክልል የራሱን ሰው መምረጥ ጀመረ። በ1979 በአዲሱ ደንብ ከተመረጡት አንዷ ሪታ ዋልተርስ ነበሩ፤ ለደቡብ ሎስ አንጀለስ ሕዝብ ለዓመታት ተሟግተዋል። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ሁሉ የሚማረው ነገር ነው፦ ሕዝቡ ሳይለወጥ፣ የአከፋፈሉ መስመር ብቻ ሲለወጥ አሸናፊው ይለወጣል።

ለእኛ ይህ ምን ማለት ነው? በትልቅ ከተማ ውስጥ ያለ ትንሽ ማኅበረሰብ ከመላው ከተማ ጋር ሲቆጠር ውቅያኖስ ውስጥ እንደገባ ጠብታ ነው። በአንድ ክልል ሲቆጠር ግን ዕጩው በስሙ ይጠራዋል። ችግሩ እኛ ተበትነናል። በ2002 የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን ቦታችንን ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰየመልን። ደስ ይላል። ነገር ግን ፌርፋክስ የምንበላበት፣ ቡና የምንጠጣበት፣ ጤፍና በርበሬ የምንገዛበት ቦታ ነው። የምንመዘገበው በምንተኛበት አድራሻ ነው። ስለዚህ ሊትል ኢትዮጵያ ምግብ ቤት ውስጥ በአንድ ገበታ የተቀመጡ አራት ወላጆች አራት የተለያየ የምርጫ ክልል ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሳናውቅ “እኛ ብዙ ነን” ማለት ዋጋ የለውም።

አገር ቤት ያየነው

ወላጅና መምህር ሳይጠየቁ ስለ ትምህርት ሲወሰን ምን እንደሚመጣ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም የበለጠ እናውቃለን። የሴክተር ሪቪው ነገር በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። የትምህርት ሥርዓቱን ለመለወጥ በባለሙያዎች የተጠናው ዕቅድ በ1966 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይፋ ሲሆን ሕዝቡ የድሃው ልጅ በአጭር ትምህርት እንዲቀር የተቆረጠ ፍርድ አድርጎ አየው። መምህራን የካቲት 11 ቀን የሥራ ማቆም አድማ መቱ። የቤንዚን ዋጋ የናረባቸው ባለታክሲዎችም ያኔውኑ ቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ሳይጠባ ሳለ ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን ከብቦ ነበር፤ አዲሱ ዓመት በገባ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። አብዮቱ ብዙ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ስለ ልጁ ትምህርት የሚጠየቅበት ሥርዓት ያልነበረው ሕዝብ መናገሪያው መንገድ አድማ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ አንድ ሌላ ነገር መጥቷል። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ባወጣው የትምህርት አደረጃጀትና የኅብረተሰብ ተሳትፎ መመሪያ መሠረት በየትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት፣ በየቀበሌውም የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ተቋቋመ። ወላጆች በትምህርት ቤቱ ግቢ ይሰበሰባሉ፣ ተወካይ ይመርጣሉ፣ ገንዘብና ጉልበት አዋጥተው ክፍል ይሠራሉ። ማንበብ ትችላለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በሩ ሰፊ ነው፤ ሥልጣኑ ግን ጠባብ ነው። መጽሐፉን፣ በጀቱን፣ ርእሰ መምህሩን የሚወስነው ሌላ ነው። ሎስ አንጀለስ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሥልጣኑ ሰፊ፣ በሩ ጠባብ። ሁለቱንም ያየን ሰዎች ስለሆንን የሁለቱን ዋጋ መመዘን እንችላለን።

ቀኑን የመረጠ ምርጫውን መረጠ

በሩ የሚጠብበት አንዱ መንገድ ቀን ነው። የሎስ አንጀለስ ቦርድ ምርጫ ለረጅም ዘመን የሚደረገው በጎዶሎ ዓመት፣ በፀደይ ወራት ነበር። ፕሬዚዳንት የለም፣ አገረ ገዥ የለም፣ የቴሌቪዥን ጩኸት የለም። ማን ይወጣል? ጥቅም ያለው ይወጣል፤ ሌላው ቀኑንም አያውቀውም።

ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ። የ1ኛው ክልል ተወካይ ማርጌሪት ላሞት በታኅሣሥ 2013 አረፉ። የሳቸውን ምትክ ለመምረጥ የመለያው ዙር የተደረገው በነሐሴ 12 ቀን 2014 ነው። የቀድሞው ርእሰ መምህር ጆርጅ ማኬና አሸነፉ። የወጣው መራጭ ግን 8 ከመቶ ገደማ ነበር። በ2015 ደግሞ የመራጩ መቅረት እጅግ ከማሳሰቡ የተነሣ አንድ የሲቪክ ድርጅት በ5ኛው ክልል ድምፅ ከሰጡት መካከል ለአንድ ሰው በዕጣ 25,000 ዶላር ሸለመ። ሰው ለልጁ ትምህርት ቤት ድምፅ እንዲሰጥ ሎተሪ ያስፈለገው ዘመን ነበር።

መፍትሔው የመጣው ያንኑ ዓመት ነው። በመጋቢት 2015 መራጮች የከተማውና የትምህርት ቦርዱ ምርጫ ከ2020 ጀምሮ ወደ ሙሉ ቁጥር ዓመት እንዲዛወር፣ ከአገር አቀፉና ከግዛቱ ምርጫ ጋር እንዲሆን ወሰኑ። ያን ውሳኔ የሰጡትም ከተመዘገበው ሕዝብ 10 ከመቶ ገደማ ነበሩ! ዛሬ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛና 7ኛ ክልሎች ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ ጋር፣ ዌስትቼስተር ያለበት 4ኛ ክልል ከ2ኛና ከ6ኛ ጋር ሆኖ ከአገረ ገዥው ምርጫ ጋር ይመርጣሉ። በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ያልፋል፤ ካልተገኘ ሁለቱ መሪዎች በኅዳር ይፋለማሉ።

ቀኑ ከመለወጡ በፊት የዌስትቼስተር ክልል አንድ ከባድ ፍልሚያ አይቷል። በ2017 የቦርዱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ስቲቭ ዚመር በኒክ ሜልቮይን ተሸነፉ። በአንድ ወገን የመምህራን ማኅበሩ፣ በሌላው ወገን የቻርተር ትምህርት ቤቶች ደጋፊዎች ቆመው ነበር። በዚያ ዓመት በቦርዱ ምርጫ የፈሰሰው ገንዘብ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ፣ እስከዚያ ጊዜ በአሜሪካ ከታዩት የትምህርት ቦርድ ምርጫዎች ሁሉ ውዱ ተባለ። ባለገንዘቦች አይሞኙም። ዋጋ ለሌለው ወንበር 15 ሚሊዮን ዶላር አያወጡም። እነሱ ዋጋውን ካወቁ እኛ ለምን አላወቅነውም?

አማርኛው የት ገባ?

አሁን ወደ ቋንቋው ልመለስ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1975 የምርጫ መብት ሕጉን ሲያሻሽል፣ ቁጥራቸው በዛ ያሉ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ዜጎች ባሉበት አካባቢ የምርጫ ወረቀት በቋንቋቸው እንዲቀርብ አዘዘ። ነገር ግን ሕጉ የሚጠቅሰው አራት ወገኖችን ብቻ ነው፤ ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ እስያውያንን፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችንና የአላስካ ተወላጆችን። አፍሪካ የለችበትም። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው መቶ ሺህ ቢሆን እንኳ የፌዴራሉ ሕግ ካውንቲውን አያስገድደውም።

አንድ እናት አስቡ። ዕድሜያቸው ከ50 አልፏል፤ በግሪን ካርድ 20 ዓመት ኖረዋል። የዜግነት ሕጉ ፈተናውን በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ እንዲወስዱ ይፈቅድላቸዋል። አለፉ፣ ማሉ፣ ዜጋ ሆኑ። በማግሥቱ የሚደርሳቸው የምርጫ ወረቀት ግን የማያነቡት ነው። ዜግነቱ አማርኛ ያውቃል፣ የምርጫው ወረቀት ግን አያውቅም።

ይህ የማይለወጥ ነገር ነው? አይደለም። አርመንኛም፣ ፋርሲም፣ ሩሲያኛም በፌዴራሉ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ግን በነዚህ ቋንቋዎች የምርጫ አገልግሎት ይሰጣል። ማኅበረሰቦቹ ተደራጅተው ጠየቁ፣ ተቆጠሩ፣ ተሰሙ። በዋሽንግተን ዲሲም በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ከመንግሥት አገልግሎት ቋንቋዎች ጋር እንዲሰለፍ አድርጎታል። ዲሲ ያሉ ወገኖቻችን የደረሱበት ቦታ ሎስ አንጀለስ የማይደረስበት ምክንያት የለም።

እስከዚያው ድረስ አንድ መብት በእጃችን አለ። በ1982 በተጨመረው የፌዴራል ሕግ አንቀጽ መሠረት፣ በማንበብ ወይም በመጻፍ ችግር እርዳታ የሚፈልግ መራጭ ራሱ የመረጠውን ሰው ይዞ ድምፅ መስጫው ውስጥ መግባት ይችላል። ልጅም፣ ጎረቤትም፣ የንስሐ አባትም ሊሆን ይችላል። የማይፈቀደው አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ብቻ ነው። “እንግሊዝኛ አልችልምና አልመርጥም” የሚሉ እናትና አባት ካሉ ይህን ንገሯቸው።

ከሁለት ያጣ ጎመን

የመጨረሻው በር ዜግነት ነው፤ የሁላችንም ቁስል ያለው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ከ2003 ጀምሮ በግልጽ ይላል፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ከዚያ በፊት በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ሰጠ፤ ቢጫ ካርድ የምንለውን። በእርሱ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ትሠራላችሁ፣ ትነግዳላችሁ። መምረጥና መመረጥ ግን አትችሉም።

እንግዲህ ሂሳቡን ሥሩት። አሜሪካዊ ዜግነት የወሰደው ወገናችን አገር ቤት ድምፅ የለውም፤ እዚህ ያገኘውን ደግሞ አይጠቀምበትም። ዜግነት ያልወሰደው እዚህ አይመርጥም፤ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም ሎስ አንጀለስ ተቀምጦ አገር ቤት መምረጥ አይችልም። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይኸው ነው። በየቡናው የምንከራከርበት ወንበር ሁሉ እኛ የማንመርጠው ወንበር ነው፤ የምንመርጠውን ወንበር የያዘውን ሰው ስም ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ዜጋ ያልሆነ ወላጅ በትምህርት ቤት ምርጫ ይግባ የሚል ክርክር በካሊፎርኒያ አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ጉዳዩን በ2004 ለመራጭ አቀረበች፤ በጠባብ ልዩነት ወደቀ። በ2010 ደገመች፤ ወደቀ። በ2016 ሦስተኛ አቀረበች፤ አለፈ። በ2022 አንድ ዳኛ ሻረው፤ በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት መለሰው። ኦክላንድም በ2022 ተመሳሳይ ውሳኔ አሳልፋለች። የሚቃወሙት ሰዎች ክርክር ከንቱ አይደለም፤ ዜግነት ግዴታም መብትም ነው፣ ሁለቱ አይለያዩ ይላሉ። የሚደግፉት ደግሞ ግብር ይከፍላሉ፣ ልጃቸው በዚያ ትምህርት ቤት ነው፣ እናስ? ይላሉ። የ1838ቱ የኬንታኪ ክርክር ያው ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ የሚያስተምር ነገር አለ። በሳን ፍራንሲስኮ በሩ በተከፈተበት በ2018ቱ ምርጫ የተመዘገቡት ዜጋ ያልሆኑ ወላጆች 100 እንኳ አልሞሉም። ፍርሃት ነበር። መንግሥት ስሜን ቢያገኘውስ አሉ፤ ከተማውም ራሱ አደጋውን በማስታወቂያ አስጠንቅቋቸው ነበር። መብት በወረቀት ሲሰጥ ፍርሃቱ በወረቀት አይሄድም።

እዚህ ላይ በጥብቅ ላሳስብ። ሎስ አንጀለስ ሳን ፍራንሲስኮ አይደለችም። ዜጋ ያልሆነ ሰው በሎስ አንጀለስ ቦርድ ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችልም። በፌዴራልና በግዛት ምርጫ ያለ መብት መመዝገብና መምረጥ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ወይም መንገድ ላይ ቅጽ የያዘ ሰው ሲያገኛችሁ ዜጋ ካልሆናችሁ አትፈርሙ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እኔ የማቀርበው አዲስ መብት ከመጠየቃችን በፊት በእጃችን ያለውን እንቁጠር ነው።

ዜጋ የሆናችሁ፣ አድራሻችሁ በየትኛው ወረዳና ክልል እንደሆነ ዛሬውኑ አጣሩ። ካሊፎርኒያ ከ2021 ወዲህ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ የምርጫ ወረቀት በፖስታ እቤቱ ድረስ እንዲላክ በሕግ ደንግጋለች። ወረቀቱ ሲመጣ ከላይ ያለውን ብቻ ሞልታችሁ አትተዉት። የትምህርት ቦርዱ ወደ ታች፣ ዓይን የማይደርስበት ቦታ ነው ያለው። 16 ዓመት የሞላው ዜጋ ልጃችሁ ቀድሞ መመዝገብ ይችላል፤ 18 ሲሞላው ስሙ በራሱ ይገባል።

ዜጋ ያልሆናችሁም ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። በቦርዱ ስብሰባ የሕዝብ አስተያየት ሰዓት መናገር ትችላላችሁ፤ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። እንግሊዝኛ ተማሪ የሆኑ ልጆች 21 እና ከዚያ በላይ ባሉበት የካሊፎርኒያ ትምህርት ቤት ሁሉ የወላጆች አማካሪ ኮሚቴ መኖር አለበት፤ መራጮቹም የእነዚሁ ልጆች ወላጆች ናቸው። የሎስ አንጀለስ የሠፈር ምክር ቤቶችም፣ የዌስትቼስተርንና የፕላያን ጨምሮ፣ በአካባቢው የሚኖር ወይም የሚሠራ ሰው ዜግነቱ ሳይጠየቅ የሚመርጥባቸው ናቸው።

ምን እንጠይቅ ካላችሁ አንድ ላንሣ። ካሊፎርኒያ ከ2011 ሕግ ወዲህ በሁለት ቋንቋ ብቃቱን ላስመሰከረ ተመራቂ በዲፕሎማው ላይ ማኅተም ታደርጋለች። አማርኛም ይቻላል። ነገር ግን የተለመደ አገር አቀፍ ፈተና ለሌለው ቋንቋ ፈተናውን የሚያዘጋጀው የትምህርት ወረዳው ነው። የልጃችሁ አማርኛ ቤት የሚነገር ብቻ ሆኖ ይቅር ወይስ በዲፕሎማው ላይ ይታተም የሚለውን ጉዳይ ለ7ቱ ሰዎች ማቅረብ ትችላላችሁ። ማን ያቀርበዋል? ስንት ሰውስ ይዞ ይቀርባል?

ሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ጊዜ አንኳኳች። የካሊፎርኒያ ሴቶች 37 ዓመት ጠበቁ። እኛ ገና አላንኳኳንም። የሚቀጥለው የምርጫ ወረቀት በፖስታ ሲመጣላችሁ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አትጣሉት። ቁጭ በሉ፣ ልጃችሁን ጥሩ፣ አብራችሁ እስከ ታች አንብቡት።

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት።